በሁለት መቶ ሜትር ክልል ውስጥ ችብስ ስለመከልከሉ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ጸጋአብ
የጋራ መኖሪያ ቤታችን የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ጎሮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። የደም ግፊትዎ እንደ ኮሚቴው ስብሰባ የረጋ፣ ኮሌስትሮልዎም እንደ ቧንቧችን ውሃ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ የማይወጣ እንዲሆን ዘወትር እመኛለሁ።

እኔ ሦስተኛ ፎቅ የምኖረው ስመኝ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የሰው አቤቱታ ስተይብ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ፣ የራሴን አቤቱታ ግን እስከ ዛሬ ጽፌ የማላውቅ ሴት ነኝና ስህተት ቢገኝብኝ እንደ ጀማሪ ይዩልኝ። ለዘይት ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስልዎም አስቀድሜ ላስረዳ። ስኳር አለብኝ። ሐኪሜ ችብስ እንድተው ከነገረችኝ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እኔም እተዋለሁ ካልኳት ልክ ሁለት ዓመቴ ነው። ድንች በዘይት ተጠብሶ ዳቦ ውስጥ ሲገባ ለሰው ልጅ እንደማይበጅ ከእርስዎ እኩል አውቃለሁ። የምጽፍልዎ እውቀት ጎድሎብኝ ሳይሆን ምስጋና ስለበዛብኝ ነው።

እንደሚያውቁት ናዲያ በግቢያችን በር ላይ ስድስት ዓመት ችብስ ጠብሳለች። ዳቦውን ሰንጥቃ፣ ትኩሱን ችብስ ሞልታ፣ ከስልጤ አገር ይዛ በመጣችው ሙያ የምታዘጋጀውን አረንጓዴ ዳጣ ታፈስበትና እርጥብ ብላ ትሰጠናለች። እርስዎ ደግሞ ባለፈው ጥቅምት ስለማይተላለፉ በሽታዎች የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው፣ ቦርሳና ኮፍያ ይዘው ተመለሱ። በማግስቱ ከግቢያችን በር እስከ ሁለት መቶ ሜትር ድረስ ድንች መጥበስ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ለጠፉ። ከዚያ ወዲህ የተደረገልንን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መጥበሻው የተወሰደበት ቀን።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ከአራት የኮሚቴ አባላት ጋር መጥተው ማስታወቂያውን ቆመው አነበቡላት። ናዲያ ጭልፋዋን እንደያዘች እስከ መጨረሻው አዳመጠችዎ። ምክትልዎ የመጥበሻውን እጀታ ሊይዙ ሲሉ ግን፣ “ጋሼ፣ ዘይቱ ፈልቷል፤ እጅዎን ያቃጥልዎታል። እስኪበርድ ቁጭ በሉ” አለችና ለአምስታችሁም በርጩማ አወጣች። ተቀመጣችሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ “ውስጥ ያለውስ?” ብለው ጠየቋት።

“ካላወጣሁት ያርራል።”

“እንግዲያው አውጪው” አሉ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ማስረጃ ሆነ። ማስረጃው በርጩማ ላይ ተቀምጦ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ከአባላቱ አንዱ፣ “ሲቀዘቅዝ እኮ ለምንም አይሆንም” ቢሉ ናዲያ በአምስት ሳህን ከፋፍላ አቀረበችላችሁ። ቃለ ጉባኤው “የተያዘው ምግብ በኮሚቴው አባላት ፊት እንዲወገድ ተደርጓል” ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ስለ ልዩ ልዩ ማስረጃ ብዙ ውሳኔ ተይቤያለሁ፤ ዳጣ ይጨመርልን የተባለበት ማስረጃ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም።

ዘይቱ ሲበርድ ናዲያ ወደ ጀሪካን ገለበጠችው። መጥበሻውን ለእርስዎ ከመስጠቷ በፊት ኮትዎን እንዳያቆሽሽብዎ ብላ ጥላሸቱን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። ይህን እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ወደ ቤቴ ወጣሁና የዚያን ቀን እራት መብላት አልቻልኩም። ከሐኪሜ ምክር ይልቅ ምግብ የዘጋብኝ የእርስዎ ኮሚቴ ስለሆነ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ መጠይቁ።

ለመነሻ ጥናት ይጠቅማል ብለው ለአርባ ስምንታችንም አባወራ ቅጽ አደሉን። “ችብስ የሚበሉት በምንድን ነው?” ይልና በዳጣ፣ በአዋዜ፣ በሚጥሚጣ፣ በካቻፕ፣ ሌላ ካለ ይጠቀስ ብሎ ያስመርጣል። ከጎኑ ባለው ዓምድ፣ “ይህ ልማድዎ ከየትኛው አካባቢ የመጣ ነው?” ይላል። እዚህ ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ስንኖር ማን በምን እንደሚበላ ጠይቀን አናውቅም ነበር፤ ሁላችንም ናዲያ የሰጠችንን እንበላ ነበር። ከእኔ ፊት ለፊት ያሉት አቶ ወልደጻድቅ ከሰሜን የመጡ ሰው ቢሆኑም ስድስት ዓመት ሙሉ በዳጣ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ቅጹ ላይ አዋዜ የሚል ቃል ሲያዩ ግን፣ “እንዲህ ተብሎ በጽሑፍ ከመጣማ የአባቴን ቤት አላሳፍርም” አሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በኮታቸው ኪስ አንዲት ጠርሙስ አዋዜ ሳይዙ ከቤት አይወጡም።

በሳምንቱ የዳጣ ቤተሰቦች በደረጃው በቀኝ፣ የአዋዜ ቤተሰቦች በግራ መውጣት ጀመሩ። ካቻፕ የመረጡ ሁለት ወጣት ባለትዳሮች ደግሞ እዚህ ምን ይሠራሉ፣ ቦሌ ሩዋንዳ ሄደው በፈረንጅ ምግብ ቤቶች መሃል አይኖሩም ወይ ተባሉ። አንድ ቤተሰብ “በጨው ብቻ” ብሎ ቢሞላ ከየት ወገን እንደሆነ ስላልታወቀ ለአሥር ቀን ሰላም የሚለው አጣ። እርስዎም ነገሩ አሳስቦዎት የእርቅ ስብሰባ ጠሩ፤ ወንበሩንም እንዳንጣላ በማለት በዳጣ፣ በአዋዜ፣ በሚጥሚጣና በካቻፕ ረድፍ ከፍለው አስቀመጡን። ለዚህ ጥበብዎ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ባለጨዎቹ ቆመው ተሳትፈዋል።

ሦስተኛ፤ የሽታ ተቆጣጣሪው ንዑስ ኮሚቴ።

ይህን አቤቱታ ትቼዋለሁ። ንዑስ ኮሚቴው ማለት በየቤቱ ድንች ተጠብሶ እንደሆነ እያሸተተ የሚመዘግበው ጎረቤቴ አምላኩ ነው፤ ቤቴ በመጣ ቀን ከባድ ጉንፋን ይዞት ነበር። “ይቅርታ እትዬ ስመኝ፣ ዛሬ ምንም አይሸተኝም፤ ምን እየሠሩ ነው?” አለኝ። ችብስ አልኩት። ጥቂት አሰበና “ሽሮ” ብሎ መዘገበ። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ላይ አልከስም።

አራተኛ፤ ስለ መብራቱ።

ናዲያ የተቀቀለ ድንች ብቻ እንድትሸጥ በደብዳቤ ፈቀዱላት፤ እርሷም ታዛዥ ናትና ቀቅላ ሸጠች። የተቀቀለውን ድንች ሁላችንም እየገዛን ወደ ቤታችን ወሰድን፤ ቤት ስንደርስም እያንዳንዳችን በየራሳችን ዘይት ጠበስነው። ቀድሞ አንድ መጥበሻ የነበረው ግቢ አርባ ስምንት ሆነ። ኅዳር መጨረሻ ላይ በነቢያት ጾም አንድ ቅዳሜ፣ ጿሚውም የማይጾመውም በተመሳሳይ ሰዓት ምድጃውን ቢለኩስ ዋናው ብሬከር ተቃጠለና ሁለት ቀን ጨለማ ዋጠን። በሁለተኛው ቀን የ“ሞዴል ጤናማ ብሎክ” ውድድር ገምጋሚዎች መጡ። እርስዎም በጨለማው ደረጃ በስልክ መብራት እየመሩ አወጧቸውና ጥሬ ካሮት ጋበዟቸው። ደርባባዋ ገምጋሚ ካሮቷን እንደያዘች፣ “ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ የሚሸተው ከየት ነው?” ስትል በየኮሪደሩ ከሰል አያይዘን እየጠበስን ነበር። መልስ የሰጧት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው፤ ከኪሳቸው ጠርሙሷን አውጥተው፣ “በአዋዜ ነው የምትበዪው?” አሏት። ይህ ሁሉ ሆኖም ሽልማቱን ማግኘታችን እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አምስተኛውና ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነኝ የሚከተለው ነው።

ታኅሣሥ ውስጥ ናዲያ ከሰው የተዋሰችውን መጥበሻ ይዛ ሁለት መቶ ሦስት ሜትር አስለክታ አስፋልቱን ተሻገረችና ታክሲ መያዣው አጠገብ ተከለች። እኛም ተከተልናት። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ጡረተኛ ሁሉ በቀን በቀን ቁልቁለቱን ይወርድ፣ ዳገቱን ይወጣ ጀመር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ባለዳጣና ባለአዋዜ ጎን ለጎን ካልሄዱ አያሳልፍም፤ ጉልበታቸው ሲዝል ደግሞ መደጋገፍ መጣ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረስኩ ቀን ሙሉ እርጥብ አዘዝኩ። ናዲያ ግማሹን ብቻ ሰጠችኝና፣ “እትዬ፣ ስኳርዎን አውቃለሁ። ሌላውን ግማሽ ነገ ይመጡና ይበሉታል” አለችኝ። ተቆጣሁ። “ቢቆጡም አልሰጥዎትም” ብላ ወደሚቀጥለው ደንበኛ ዞረች። ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን ሙሉውን ሸጣልኝ አታውቅም።

በሦስተኛው ወር ምርመራ ስሄድ ስኳሬ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሜ ውጤቱን ደጋግማ አየችና ምን እንዳደረግኩ ጠየቀችኝ። “ችብስ ልበላ እየሄድኩ ነው” አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ነገሩን ከሥሩ ካስረዳኋት በኋላ ያዳነሽ ድንቹ አይደለም፣ እግርሽና ያቺ ልጅ ናቸው አለችኝ። እርስዎ ይህን ሰምተው ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት፣ “የአንዲት አረጋዊት ነዋሪ ስኳር በኮሚቴው የቅርብ ክትትል ሊቀንስ ችሏል” ብለው አሰፈሩ። ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው። አረጋዊት ስላሉኝ አመሰግናለሁ።

አሁን ደግሞ ውጤቱ ስላማረ ክልከላው ወደ አምስት መቶ ሜትር ከፍ እንዲል መወሰኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ትናንት ተለጥፎ አነበብኩ። አምስት መቶ ሜትር ናዲያን ከታክሲው ሰልፍ ነቅሎ ሰው የማያልፍበት የግንባታ አጥር ሥር ይጥላታል። እዚያ ብትሄድ የሚገዛት የለም፤ እኔም በዚህ ጉልበቴ አልደርስባትም፤ ግማሹን የሚከለክለኝ ሰውም አጣለሁ። ክቡርነትዎ ከሥልጠናው ያመጡት እውቀት በጽሑፍ የሰፈረ ነው። የእርሷ ግን የእያንዳንዳችንን ስም፣ በሽታና ልክ ያውቃል።

ስለዚህ ከአርባ ስምንቱ አባወራ አርባ ሦስታችን ውሳኔው እንዲሻር ፈርመናል። ፊርማው በአንድ ዓምድ ብቻ የተሰበሰበ ነው፤ በምን እንደምንበላ አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ፊርማ የባለጨዎቹ ነው።

ናዲያን ወደ ግቢው በር ትመለሺ እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። “ታክሲ መያዣው ይሻለኛል፤ ሰው ይበዛል” አለችኝ። ከዚያም ጭልፋዋን እያየች፣ “መጥበሻዬን ብቻ ቢመልሱልኝ። የእናቴ ነው” አለች። መጥበሻው በቢሮዎ የነዋሪዎች አስተያየት መሰብሰቢያ ሆኖ እያገለገለ ስለነበር እንዲመለስ በስድስተኛ ተራ ቁጥር ልጠይቅዎ አስቤ ነበር። ሆኖም ዛሬ ጠዋት አምላኩ ከውስጡ ያሉትን አስተያየቶች በክብር ጠረጴዛዎ ላይ ደርድሮ መጥበሻውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወስዶላታል። ናዲያ ተቀብላ ታቀፈችው። በዚህ ምክንያት ጥያቄዬን አንስቼ በምትኩ መመለሱን በአክብሮት አሳውቅዎታለሁ። አስተያየቶቹን ግን ቢያነቧቸው መልካም ነው፤ አንዳቸውም እስካሁን አልተከፈቱም።

ስለ ጤናችን እንቅልፍ ለሚያጡልን ለክቡርነትዎ ከፍ ያለ አክብሮቴን፣ ከሦስተኛ ፎቅ እስከ አስፋልቱ ማዶ የሚዘልቅ ምስጋናዬንና በግማሽ እርጥብ የተገታ ፍቅሬን እያቀረብኩ፣

ታዛዥዎ
ስመኝ
የቀድሞ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ የአሁን እግረኛ

ማስታወሻ፤ ልብስ ሰፊው ሚስባህ፣ ለሽልማቱ ሥነ ሥርዓት የሚለብሱት ሱሪ ዝግጁ ስለሆነ እንዲወስዱ ንገሪልኝ ብሎኛል። ወገቡን ለሦስተኛ ጊዜ የለቀቀልዎ ሲሆን፣ ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ ስለሌለው ለአራተኛ ጊዜ እንዳይመልሱበት በትሕትና ይለምንዎታል።