ስለ ውስኪው ጠርሙስና ስለ ማሚቴ ስም

እኔ ደሞዜ ፀጋው፣ የመርሳ ነዋሪ፣ ዛሬ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ኩላሊቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል እሰጣለሁ። ልጄ ፈቃዱ «አባባ ጃጅቷል» ይላል አሉ። አልጃጀሁም!

ሲሪንቃ እርሻ ምርምር በማሽላ ሙከራ ላይ ሳለሁ አንድ የስኮትላንድ ባለሙያ ሲሰናበተኝ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ሰጠኝ። ከብዙ ፋብሪካ የተሰበሰበ የገብስና የሌላ እህል መጠጥ፣ በየበርሜሉ አሥራ ስምንት ዓመት ተኝቶ፣ አፍንጫው በሠለጠነ ሰው የተዋሐደ ነው። እርሱ ለራሱ ከከፈተው ጠርሙስ አንድ መለኪያ ቀምሻለሁ፤ መጀመሪያ ማር፣ ቀጥሎ ዘቢብ፣ ሲወርድ ቀጭን ጭስ። የእኔን ለልጄ ለመቅደላ ሽምግልና ብዬ ቡፌ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሽማግሎቹ በመጡ ዕለት ከፍቼ ቀዳሁ። ባሸተው የቀዘቀዘ ሻይ! እነርሱ ግን «አይ የፈረንጅ ነገር፣ እንዴት ይለሰልሳል!» ብለው አሞገሱት። ውርደቴን ዋጥኩ።

እንግዶቹ ሲወጡ፣ ቁልፉን የምትይዘው እርሷ ነበረችና፣ አሥራ አራት ዓመት ያገለገለችንን ማሚቴን ደጃፌ ላይ «ሌባ!» ብዬ ጎረቤት እየሰማ አባረርኳት። «ጋሼ፣ በማርያም፣ አልነካሁም» ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። አልሰማኋትም።

ባለፈው መስከረም ፈቃዱ ሞቅ ብሎት፣ ማሚቴ ሳታይ ቁልፉን ወስዶ ውስኪውን ከጓደኞቹ ጋር በኮካ በርዞ እንደጨረሰው፣ ሻይ ሞልቶም ማሸጊያውን በሙጫ እንደመለሰው እየሳቀ ነገረኝ። በኮካ! ደግሞ መሳቁ! ሴትዮዋ ሐራ ከተማ ላይ ስድስት ዓመት የሌባ ስም ተሸክማ ስትኖር እርሱ አፉን ዘጋ።

ስለዚህ በአስፋልቱ በኩል ያሉት ሁለት ክፍሎች ለማሚቴ ይሁኑ። ጓሮው ከነብርቱካኑ ለመቅደላ። ለፈቃዱ የኋላ ቤቱ፣ ከባዶው ጠርሙስ ጋር፤ ቡፌው ላይ ያቁመው፣ እንግዳ በጠየቀው ቁጥር ታሪኩን ይናገር።

እዚህ ላይ ምስክሬ ሐጂ አብዱልሐሊም «ኧረ ደሞዜ፣ አላህን ፍራ፣ ልጅህ እኮ ነው! ደግሞስ ሌባ ያላት የማን አፍ ነው?» አሉኝ። ይህም ይጻፍ።

ማሚቴን አስጠርቻት መጥታለች። የተጻፈው ሲነበብላት «ጋሼ፣ ቤቱ ይቆየኝ። ያኔ በሰደቡኝ ደጃፍ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ አልሰረቀችም ይበሉልኝ» አለች።

እንግዲህ ደግፋችሁ አውጡኝ። ፊርማዬን የማኖረው እዚያ ነው።

በደጃፉ፣ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ ተናዛዡ «ማሚቴ አልሰረቀችም» ብለው ሦስት ጊዜ ከተናገሩ በኋላ ተፈረመ።

ተናዛዥ፦ ደሞዜ ፀጋው
ምስክሮች፦ ሐጂ አብዱልሐሊም፣ ወ/ሮ ዘይነባ፣ አቶ ናትናኤል፣ አቶ ኢስሐቅ (ጸሐፊ)