የሬሜዲዮስ ዕርቅ

ብርቄዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ትናንት ጎረቤቴን ሬሜዲዮስን በመኪናዬ ይዣት ከቫሌንሲያ ወደ እህቷ የተራራ መንደር ወጣሁ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከታላቅ እህቷ ከአምፓሮ ጋር በውርስ ቤት ተጣልተው ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይላክ ነበር፤ እዚህ ሽማግሌዋ እኔ ሆንኩልሽ፤ ለአምፓሮ ደውዬ የምሳ ቀጠሮ ያዝኩ።

ሬሜዲዮስ ተራራው ላይ ሦስት ጊዜ «አዙሪው፣ እንመለስ!» አለችኝ። ሁለቴ አዞርኩ፤ ሁለቴም ጥቂት ሄደን ሐሳቧን ቀየረች። በሦስተኛው «ውረጂና በእግርሽ ተመለሺ» አልኳት።

ስንደርስ አምፓሮ ሽርጧን እንዳሸረጠች በሩ ላይ ቆማለች። ሬሜዲዮስ እጄን ጨምድዳ ይዛለች። አምፓሮ ከላይ እስከ ታች አየቻትና፣

«ስምንት ሰዓት አልተባለም እንዴ? ሩዙ እኮ ገንፎ ሆነ!» ብላ ጮኸችባት።

«ድሮም ያንቺ ሩዝ ገንፎ ነው» አለቻት ሬሜዲዮስ።

ከዚያ ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ ምሳውን ብቻዬን ጀመርኩት።

የካርዱ ቦታ አለቀብኝ! እትዬ ዘነቡንና ልጆቹን ሳሚልኝ። ጠርዙ ላይ ያለው የዘይት አሻራ የአምፓሮ ነው፤ እሷው ቤት አድረን ይህን ስጽፍልሽ «ይሄ ጉንዳን የመሰለ ጽሕፈት ምንድን ነው?» ብላ ካርዱን ቀምታኝ ነበር። ላንቺ መሆኑን ስነግራት ሳመችው።

ስንዱ