የእማዬን አካውንት እንዳታጠፋ

ማሙሽ፣

ወደ ልብስ ስፌቱ እየሮጥኩ ነው። ምሳህ ምድጃው ላይ አለ፣ አሙቀው።

ዛሬ ኮምፒውተሩን አጸዳለሁ ብለሃል። የእማዬን አካውንት ግን እንዳትነካው። ሦስታችንም የምንጽፍበት ካላንደር ያለው እሷ ጋ ነው፤ እኔና አንተ የምናየው ስላጋራችን ነው። እሷን ካጠፋሃት የሁላችንም አብሮ ይጠፋል።

በየማለዳው የእሷ ማስታወሻ "ልጆች፣ ሳትወጡ መስኮት ዝጉ" እያለ ብቅ ሲል እንደሚያስደነግጥህ አውቃለሁ። ማብቂያ ቀን ሳትሞላበት ነው የሄደችው። እኔንም ትናንት ሳላስበው ከወንበሬ አስነሳኝ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ተዘግቷል። አንተ ገና አልተነሳህም ነበር። ማታ ዘግተኸው እንደሆነ አልጠየቅኩህም፣ አንተም አትንገረኝ።

ደግሞ አንድ ነገር።

የእማዬ የሐኪም ቀጠሮ ማክሰኞ ነበር። አንተ ካላንደሩ ላይ ያየኸው ግን አርብ የሚል ነው። ሐሙስ አረፈች። ዘመድ ሁሉ "ቀኑን ረስቶ" ሲልህ፣ አንተም "ተሳስቼ አይቼ ይሆናል" እያልክ ዓመት ሙሉ ራስህን ስትወቅስ፣ እኔ እዚያው አጠገብህ ተቀምጬ ልብስ እተኩሳለሁ።

ያን ማክሰኞ የማስረክበው የሙሽራ ቀሚስ ነበረብኝ፤ አብሬያችሁ ሐኪም ቤት መሄድ አልችልም ነበር። ሦስት ቀን ምን ያመጣል ብዬ ነበር።

ምንም ከማጥፋትህ በፊት ያንን አርብ ክፈተው። ከሥሩ ቀኑን የቀየረው ሰው ስም ተጽፏል።
ያንተ አይደለም።

ማታ ስመጣ በሩን ብትከፍትልኝ ደስ ይለኛል። ባትከፍትልኝም ቁልፍ ይዣለሁ።

እህትህ