የበቅሎዋ ገንዳ

የካ፣ ከተራራው ሥር
ጥር 1979 ዓ.ም.

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? ቆላው እንዴት ይዞሻል? ኪኒንሽን ትውጫለሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ክፉ የለብኝም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ሂርጳ እኔ ልጻፍልዎ ብሎኝ ነበር፤ የመሠረተ ትምህርት ወረቀቴን አሳየሁት። ፊደሉ ቢጣመምም የኔ ነው።

በመስከረም ከወባ መከላከያው ሥራሽ የመጣሽ ዕለት ስሜሽ ሳልጠግብ ገንዳው ላይ ተደፋሽ። በቅሎዋ ከሞተች ወዲያ የክረምት ውሃ ያቆረውን፣ አረንጓዴ ሆኖ እኔ የማፍርበትን፣ አንቺ እንደ ወርቅ አየሽው። በውሃው ከሚወራጩት የትንኝ ልጆች ብዙዎቹ ሞተው ከሥር ተኝተው ነበር። አባባ፣ ይህን የገደለ ባክቴሪያ እዚህ ውስጥ አለ፣ ሰውም ከብትም አይነካ፣ የትንኝ ልጅ ብቻ ነው የሚገድል አልሽኝ። በትንኝ ሆድ ስንት ዓይነት እንደሚኖር፣ አንዳንዱ እንደሚያኖራት፣ አንዳንዱ እንደሚያጠፋት እየነገርሽኝ ስትስቂ እናትሽን መሰልሽ። ይህ ቆላ ወርዶ ቢረባ ኖሮ ፍሥሐ አይሞትም ነበር አልሽ። ወንድምሽ ለሠፋሪ ጎጆ ሊሠራ ዘምቶ በወባ መቅረቱን ለእኔ መንገር ያስፈልግ ነበር? ከዚያ፣ እስክመጣ አይድፉት፣ ጭቃውንም አይንኩት፣ በኅዳር ራሴ እመጣለሁ ብለሽ ሄድሽ።

አልደፋሁም። ጎረቤታችን ዲንቄ ትንኝ የበላውን የልጇን ፊት እያሳየችኝ፣ በቅሎው አለቀና ትንኝ ማርባት ጀመሩ? አለችኝ። ሠፈሩ ሁሉ የትንኝ ጌታ ይለኝ ጀመር።

ኅዳር ሲታጠን፣ ሰዉ ቆሻሻውን እያቃጠለ ጭሱ እስከ ባሕር ዛፉ ወጥቶ ሳለ፣ ሂርጳ ጽዳት ዘማቾቹን ባልዲ አስይዞ መጣ። የቆመ ውሃ ሁሉ ይደፋል፣ መመሪያ ነው አለ። ገንዳው አፍ ላይ ተቀመጥሁ። ይነሡ እንጂ አባቴ፣ ገንዳ ወልደዋል እንዴ? አለኝ፤ ሳቁብኝ። ሂርጳ የኔን በቅሎ እየነዳ፣ የኔን እንጀራ እየበላ ያደገ ልጅ ነው። ለእሱ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ልጄ እስክትመጣ ብዬ ለመንሁት። እናትሽ በሞተች ጊዜ የቀበሌ ድንኳን እንኳ ያልለመንሁ ሰውዬ። ራሱም አፈረ መሰለኝ፣ ባልዲውን ይዞ ወጣ።

ኅዳር አለቀ። በታኅሣሥ መኪና በር ላይ ሲቆም ነጩን ጋቢ ለብሼ ወጣሁ። ሹፌር ነው። ተሾመ እባላለሁ፣ እሷ ሥራ በዝቶባታል፣ ውሃውንና ጭቃውን ቀድተህ አምጣ ብላኛለች አለና ጠርሙሱን አሳየኝ። ለእኔስ ምን አለች? አልሁት። አሰበ፤ ሰላም በልልኝ ብላለች አለ። ማሰቡን አየሁት። ጠርሙሱን እንደያዘ መለስሁት። እሱን አትቆጪው፣ ጥፋት የለበትም።

ከዚያ ወዲህ የላክሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። ውሃውን ለምን እንደ ከለከልሁ የጠየቅሽበትን አንብቤአለሁ። ስለ ጉልበቴ የጠየቅሽበትን ቦታ ብፈልግ አጣሁት፤ ማንበቡ ገና አልጠናልኝ ይሆናል።

ሰሞኑን ግቢው ፀሐይ ነው። ዲንቄ ከሾላ ገበያ የገዛችውን በርበሬ ባዶው ገንዳ ውስጥ ታሰጣለች። እርስዎ በአመድ ያሹት ድንጋይ ሙቀት ይይዛል ትላለች። የልጇም ፊት ድኗል።

ለፋሲካ ፈቃድ ከሰጡሽ ነዪ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው። የወንድምሽን ዕድሜ ለአንቺ ይጨምርልሽ፤ እሱን ከወሰደው ይሠውርሽ፤ የምትደክሚለት ይሙላልሽ።

ስትመጪ ጠርሙስ አትያዢ።

አባትሽ