ማሻአላህ የተለጠፈበት መብራት

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ ከድሮ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላምታ የአላህ ስለሆነ አልነፈግኩህም። ከዚህ በታች ያለው ግን ከእኔ ነው፤ ተናድጄ ነው የምጽፍልህ፣ ተቀምጠህ አንብበው።

ያልደወልኩት ስለማታስጨርሰኝ ነው። ለአረፋ በአዲሷ መኪናህ የመጣህ ቀንም አላስጨረስከኝም። "ይቺ ዳሽቦርዱ ላይ ያለች ቢጫ መብራት ምንድናት?" ብዬ ብጠይቅህ "ከገዛኋት ጀምሮ አለች፣ ጌጥ ናት" አልከኝ። አፏ የተከፈተ ድስት የምትመስለው፣ መሃሏ ላይ ቃለ አጋኖ ያለባት። ጎማው አየር ጎድሎታል ማለት ነው አልኩህ። ወርደህ የኋላውን ጎማ በጫማህ ረገጥከውና "ድንጋይ ነው። አንተ ደግሞ ዓለም ሁሉ ጎማ ይመስልሃል" ብለህ እንግዳውን ሁሉ አሳቅክብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

አሥራ ስድስት ዓመት ጎሚስታ ነኝ፣ ከድሮ። ጎማ በእርግጫ አይለካም። አየሩ የጎደለም ሲረግጡት ድንጋይ ነው። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ሳይሞቅ፣ በመለኪያ ነው የሚታየው። ስንት መሆን እንዳለበት የሹፌሩን በር ስትከፍት ጎኑ ላይ ተጽፎልሃል። ተነፍቶ መብራቱ ተመልሶ ከበራ ደግሞ የሆነ ቦታ ሚስማር አለ፤ ይፈታል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ የሚተነፍስበት ይለጠፋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ጎሚስታ ቤቴ ከእናታችን በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ከዚያ ጎረቤታችን ሀጀራ መጣች፤ እናታችን ገበያ ስትውል አንተን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችህ ሀጀራ። መኪናዋን ዞራ አይታ "ውይ፣ እንዴት ታምራለች ልጄ" አለች። ከዓይን የሚጠብቀውን ማሻአላህ ማለቱን ረሳችው። ገና ከግቢው ሳትወጣ "እሷ ካላለች እኛ እንላለን" ብለህ ማሻአላህ የሚል ስቲከር ለጠፍክ። የት? ልክ መብራቷ ላይ። ቢጫው ዓይንህን ስለሚወጋህ ነበር፣ አይቼሃለሁ። አይቼም ዝም አልኩ፤ ታላቄ ነው፣ በዓልም ነው ብዬ። ለዚህ ራሴን ይቅር አላልኩትም።

በሦስተኛው ቀን እናታችንን የዓይን ሐኪም ልታሳያት፣ ሚስትህንና ልጆችህን፣ ቆጮውንም ቅቤውንም ጭነህ ወደ አዲስ አበባ ወጣህ። ጥያ ሳትደርሱ የኋላው ጎማ ፈነዳ፣ መኪናዋ ቦይ ገባች። ልጆቹን አላህ አተረፈልህ። የእናታችን ቀኝ እጅ ግን እንደምታውቀው ነው፤ ወጌሻው ከእንግዲህ እንሰት አትፍቅም ብሏል።

ቦታው ድረስ መጥቼ ጎማውን አየሁት። አየር የጎደለው ጎማ ጭነት ሲበዛበት ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ በመጨረሻ ይቀደዳል። ያንተም ውስጡ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኖ ነበር። ቁልፉን አዞርኩና ስቲከሩን ላጥኩት። ከሥሩ መብራቷ በርታለች።

አንተ ግን ለጠያቂው ሁሉ "ዓይን ነው" አልክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀጀራ በሰፈሩ መኪና የበላች ሆናለች። ስታልፍ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ። ዱዓ ሲኖር አትጠራም። የልጇን ኒካህ እንኳ የወንዱ ወገኖች "እስቲ ትንሽ እንቆይ" ብለዋል። እኔን ደግሞ "ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ ምን ይደረጋል" አልከኝ። በቀደር አምናለሁ። አላህ ግን አስቀድሞ መብራት አብርቶልህ ነበር፤ በራሱ ስም የሸፈንክበት አንተ ነህ።

ትናንት ለእናታችን እውነቱን ልናገር ነው አልኳት። "ተው ልጄ" አለችኝ። "ያን ቢጫ ነገር ሳይሸፍነው በፊት እኔም ጠይቄዋለሁ፣ ጌጥ ነው ብሎኛል። ከድሮን አታዋርድብኝ። ሀጀራ እንደሆነች ትችለዋለች።" የእናቴን በር በኃይል ዘግቼ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሀጀራ ጎሚስታ ቤት መጣች። በሩ ላይ ቆማ "ሙባሪክ፣ ያን ቀን ማሻአላህ አላልኩም እንዴ? ያልኩ መስሎኝ ነበር" አለችኝ። "ካላልኩ የእናትህን እጅ የሰበርኩት እኔ ነኛ።"

ሰማህ? ራሷም አመነችው።

መኪናህ ተጠግና ወጥታለች አሉ። ጎማዋን በጠዋት፣ ሳይሞቅ አስለክተህ ለመጪው ጁምዓ ና። እናታችንን ይዘህ ሀጀራ ቤት ግባና መብራቱን የሸፈንከው አንተ እንደሆንክ በሰው ፊት ንገራት። ካልመጣህ ከስግደት በኋላ መስጊዱ በር ላይ ቆሜ እኔ እናገራለሁ፤ የራሴን ዝምታም ጨምሬ። ስቲከሩን ፖስታው ውስጥ አድርጌልሃለሁ።

"ጁምዓ ከድሮ መጥቶ ያስረዳሻል" ብያታለሁ። ደስ አላት። ከዚያ "እንግዲያው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እጠብቀዋለሁ፣ መኪናውን እንዳላይበት" አለችኝ።

ወንድምህ ሙባሪክ፣
ጎሚስታው