ከስክሪኑ ጥግ ስለተባረረችው አስተርጓሚ

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ለአንገትዎ። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ሠራተኞችዎ ሁሉ ስልክ ላይ አቀርቅረው ሲውሉ በዓይኔ ስላየሁ የእናንተ አንገት ያሳስበኛል፤ ምኞቴም ከአንገት በላይ አይደለም።

እኔ የሴቶች ጸጉር ቤት ያለኝ፣ ጸጉር አጥቤና ጠቅልዬ፣ ካስክ ሥር አስቀምጬ የማድር ሴት ነኝ። ግድግዳዬ ላይ ከአቅሜ በላይ የሆነ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቅያለሁ። ካስክ ሥር የተቀመጠ ሰው ከማድረቂያው ጩኸት በቀር ምንም ስለማይሰማ፣ ደንበኞቼ የእርስዎን ጣቢያ ለዓመታት የተከታተሉት በጆሯቸው ሳይሆን ከስክሪኑ ጥግ ትቆም በነበረችው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እጅ ነው። መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በኋላ በኋላ ግን ልጄን እየጠየቁ ተማሩና፣ ራሳቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመው “ፍቅር”ን፣ “ውሸታም”ንና “ተመለስ”ን በእጃቸው የሚሉ ሴቶች ቤቴን ሞሉት። ዘፈን ደግሞ እንደሚያውቁት ከእነዚህ ከሦስቱ ብዙም አያልፍም።

ልጄ መስማት አትችልም። ይህን የምጽፍልዎ እንዲያዝኑላት አይደለም፤ ሲያዝኑላት ቆሽቷ ነው የሚያርረው። የሳምንቱ ምርጥ ዘፈኖች ደረጃ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ግን ከትምህርት ቤት እንደመጣች፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጥ ነበር። አስተርጓሚዋ ግጥሙን በእጇ ብቻ ሳይሆን በትከሻዋና በቅንድቧ ጭምር ስለምትዘፍነው፣ ልጄ የትኛው ዘፋኝ እንደተከዳ፣ የትኛዋ ደግሞ ዝም ብላ እንደምትቀብጥ ለይታ ታውቃለች። ከአክስቷ ልጅ ጋር አንደኛ መውጣት የነበረበት የእኔ ነው፣ የእኔ ነው እየተባባሉ ይጨቃጨቁ ነበር፤ አንዳንዴም ይኮራረፋሉ። ክቡርነትዎ፣ አንዲት ልጅ ከእኩያዋ ጋር የምትኮራረፍበት ጉዳይ ማግኘቷ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የሚገባው፣ ልጁ ከጨዋታ ውጭ ብቻዋን ስትቀመጥ ያየ ወላጅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ይህችን አጭር አደርጋታለሁ፤ ረዘም ያለ ነገር ሲመጣ ተመልካች በጣቱ ገፍቶ ያልፋል በማለት ዘፈኖቹን ሁሉ ከወገባቸው እንዳስቆረጧቸው ሰምቻለሁና። ደረጃውም እንደ ቀድሞው በአድማጭ ድምፅና በባለሙያ ሚዛን መሆኑ ቀርቶ፣ ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ተነካ በሚል ሆኗል። ሰሞኑን አንደኛ የወጣው ዘፈን አንድ መስመር ብቻ አለው፤ እሱንም ዘፋኙ እንዳይረሳው የፈራ ይመስል ደጋግሞ ደጋግሞ ይለዋል። ለዚህ የጥበብ ዕድገት የድርሻዎን ምስጋና ይውሰዱልኝ።

፪ኛ፦ ዝግጅቱ ለስልክ እንዲመች ተብሎ ምስሉ ቁመቱ ረዘመ፣ ወርዱ ጠበበ። ዘመኑ ነው፣ እሰየው። ነገር ግን ቴሌቪዥኔን ቆመህ ዋል ብሎ የነገረው ስለሌለ፣ አሁን ግድግዳዬ ላይ የሚታየው በሁለት ጥቁር መጋረጃዎች መካከል የተንጠለጠለ፣ ገርበብ ያለ በር የሚያህል ነገር ነው። ሦስት ሆነው ሲጨፍሩ የመካከለኛዋ ብቻ ትታያለች። ዘፋኙ ክንዱን ሲዘረጋ ክንዱ ይጠፋል። አስተርጓሚዋም በመጀመሪያ ግማሿ ተቆረጠና ለጥቂት ሳምንታት ከጠርዙ ላይ አንድ እጇ ብቻ ብቅ ጥልቅ ሲል አየን። ልጄ በዚያች አንድ እጅ ግጥሙን ለመከተል ዓይኗን አፍጥጣ ስትታገል፣ እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የሰው ጸጉር አሳርሬያለሁ። ከዚያ እጅየዋም ጠፋች።

ደጋግሜ ስደውል ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። በመጨረሻ የተሰጠኝ መልስ ቦታ ስለጠበበ ነው የሚል ሆነ። ክቡር ሆይ፣ ከቴሌቪዥኔ ከግማሽ በላዩ ባዶ ጥቁር ነው! አንዲት ቀጭን አስተርጓሚ ቀርቶ ከነመለከቱና ከነከበሮው አንድ የሙዚቃ ጓድ በሙሉ ይቆምበታል። ይህን የሚያህል ባዶ ሜዳ ዘርግቶ ቦታ የለም ለማለት ዓይን ያወጣ ድፍረት ይጠይቃል፤ ለድፍረትዎ ያለኝ አድናቆት ከፍ ያለ ነው።

፫ኛ፦ በጽሑፍ በላኩልኝ ምላሽ፣ ጥግ ላይ ያለችው ሴትዮ ዳንሱን ጋረደችብን የሚል አስተያየት በስልክ መምጣቱንና ብዙ ሰው ስለወደደው የሕዝብ ጥያቄ ሆኖ መወሰዱን ገልጸዋል። ቀጥሎም እሷ ከተነሳች ወዲህ በተደረገ ጥናት ዝግጅቱን የሚከታተል መስማት የተሳነው ተመልካች አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፣ አገልግሎቱ አስፈላጊ እንዳልሆነ አስረድተዋል። እንዴት ያለ ጥናት ነው! እኔም እንግዲህ ጸጉር ቤቴን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣ ደንበኛ ባለመምጣቱ የሰፈሬ ሴቶች ጸጉር እንደማያበቅሉ ተረጋግጧል ብዬ ማስታወቂያ ልለጥፍ?

የሚቀጥለውን ግን ቁጥር አልሰጠውም።

ከልጄ ጋር ቢሮዎ ድረስ መጥተን ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ የዝግጅት ክፍል ኃላፊዎ ተቀበሉን። ወንበር ሰጡን፣ ውሃ አስመጡልን፤ ትሕትናቸውን አልክድም። ከዚያም ልጄን ሳይሆን እኔን እያዩ፣ ለመሆኑ መስማት ለማይችል ሰው ዘፈን ምን ያደርግለታል ሲሉ ጠየቁኝ። ረጋ ብለው፣ እያንዳንዷን ቃል ለይተው ነው የሚናገሩት፤ ዜና ለማንበብ የተፈጠረ አፍ አላቸው። ለዚህ ጥርት ላለው አነጋገራቸው በተለይ ላመሰግን እወዳለሁ፤ ልጄ ከንፈር ታነባለችና አንዲትም ቃል አላመለጣትም።

 ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ደረጃው ሲወጣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባዋን ሰጥታ የተቆረጠ ጸጉር ትጠርግ ነበር። የአክስቷ ልጅ ለጭቅጭቅ ተዘጋጅታ ስትመጣ፣ መጥረጊያውን አስቀመጠችና ዘፈን ለሚሰሙ ሰዎች ነው አለቻት፣ በእጇ። ልጅቷ ቁጭ አለች። እኔም ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ። ይህን ደብዳቤ በጨዋ ደንብ ለመጻፍ ስንት ወረቀት ቀድጄ እንደጣልኩ እኔ አውቃለሁ። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የማይገባሽ ነገር ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ፣ ተይው እየተባለች ያደገች ናት። ከሰው እኩል፣ በሰዓቱ፣ ሳይዘገይ ይደርሳት የነበረው አንድ ነገር ይህ ነበር፤ እሱንም ጭፈራ ጋረደችብን ተብሎ ነጠቃችኋት። ከነጠቃችኋት በኋላ ደግሞ ባለቤት አልነበረውም አላችሁ።

ዘፈኑን ቁረጡት፤ ደረጃውንም ለፈለጋችሁት ጣት ስጡት፤ ስክሪኑንም ከወደዳችሁ እንደ ክር አቅጥኑት። እኔ የምጠይቀው ማንም የማይጠቀምበትን ያንን ጥቁር ቦታ ነው። ሴትየዋን መልሷትና አቁሟት። ልመና አይደለም፤ ልጄም ተመልካች ናት፣ ስትቀበሏት ነው የምትቆጠረው።

በጣትዎ ሳይገፉ እስከዚህ ድረስ ካነበቡኝ ትዕግሥትዎ ከዘመኑ ሰው የተለየ ነው፤ ካላነበቡኝም ልማድዎ ነውና አልቀየምም።

ከታላቅ አክብሮትና ከአክብሮቱ ከማያንስ ንዴት ጋር እጅ እነሳለሁ፣
ባለ ጸጉር ቤቷ፣ የልጅቷ እናት፣
የጣቢያዎ የቀድሞ ወዳጅ፣ በጥናትዎ መሠረት የሌለች ተመልካች

ሳልጠቅሰው እንዳላልፍ፦ እንደ እሷ መስማት የማይችሉት የልጄ የትምህርት ቤት ጓደኞች ለሚያውቁት ሰው ሁሉ በእጅ የሚጠራ ስም ያወጣሉ፤ በመልኩ፣ በጠባዩ ወይም በሥራው። ለእኔ ያወጡልኝ መቀስ የሚል ነው። የላኩልኝን ምላሽ ካነበቡ በኋላ ለእርስዎም አውጥተዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎ። ሁለት እጅና ሙሉ ፊት የሚጠይቅ፣ በጣም የሚያስቅ ስም ነው፤ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ደርሷል አሉ። በጽሑፍ እንዳሰፍርልዎ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ትርጉሙን ማወቅ ከፈለጉ አስተርጓሚ መቅጠር ይኖርብዎታል።