ስምንት ነጥብ

ጥቅምት 8፣ 1976
ነገሌ ዛሬም አቧራ። ትምህርት ቤት ጠመኔ አልቆ መምህራኑ አንዱን ለሁለት ሰብረን ተካፈልን። የክብረ መንግሥት አውቶቡስ ገባ፤ ደብዳቤ የለም። ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ላለው ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ወረቀት የት ደርሳ ይሆን? ነገሯ ቀላል ናት። ዙራ መነሻዋ ላይ የምትገጥም ለስላሳ ኩርባ ከሆነች፣ የመጀመሪያውን የፉሪዬ ኮፊሸንት፣ ማለትም አማካይ ከፍታዋን፣ ለማግኘት በእኩል ርቀት መለካት፣ መደመር፣ ማካፈል። ለሌሎቹ ከመደመር በፊት በኮሳይን ማባዛት። በቃ።

ጥቅምት 15
የዩኒቨርሲቲው መልስ መጣ። «በስምንት ነጥብ እስከ ስድስተኛው አሃዝ ትክክል መሆን አይቻልም። ከሰንጠረዥ መጽሐፍ ተገልብጧል። በሲምሰን ዘዴ መሠራት ነበረበት።» መምህራን ፊት ግለ ሂስ ካደረግሁ ግን ይቀበሉኛል... ደብዳቤው የደረሰኝ በዳይሬክተራችን በጋሽ ወልደጻድቅ እጅ አልፎ ነው፤ ከሥሩ «ተስማምቻለሁ» ብለው ፈርመውበታል። አንዲት ቁጥር ሳያሰሉ!

ጥቅምት 16
ጋሽ ወልደጻድቅ ጠሩኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንድ ቃል ናት። አጥፍቻለሁ በይና አዲስ አበባሽ ግቢ።»
«ያላጠፋሁትን፣ ጋሼ?»
አዲስ አበባን ጠላሁ? ስድስት ዓመት ጠብቄአለሁ እንጂ! ግን ሌባ ተብዬ?

ጥቅምት 17
ለአከራዬ ለሸምሳ ነገርኳት።
«ማሊፍ፣ ቲቸር? ለምን? ያልበላሽውን በላሁ በዪ ነው የሚሉሽ?»
ወረቀቷን ስሠራ ያሰላሁበትን፣ ከሞያሌ የመጣውን ካልኩሌተር ከሱቋ መደርደሪያ አወረደችልኝ።

ጥቅምት 18
የመምህራን ስብሰባ። «በለጡ፣ ግለ ሂስሽን» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ።
ተነሣሁ። ከኩርባዋ የለካኋቸውን ስምንት ቁጥሮች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ካልኩሌተሩን ለጋሽ ወልደጻድቅ ሰጠኋቸው፤ ፊዚክስ አስተማሪ ነበሩ አይደል? 
«መጀመሪያ በሲምሰን ያስሉልኝ።»
1.264241።
«አሁን ዝም ብለው ይደምሩና ለስምንት ያካፍሉ።»
1.266066። ያመጣሁትን የሰንጠረዥ መጽሐፍ ገለጡ... 1.266066።
«ሲምሰን ሳተ?» አሉ።
«ሲምሰን አንዱን ነጥብ ከሌላው ያበላልጣል፣ ጋሼ። ክብ ላይ የሚበልጥ ነጥብ የለም።»
 ጋሽ ወልደጻድቅ ካልኩሌተሩን አስቀመጡ። ከዚያ ቃለ ጉባኤ ወደምትይዘው ወደ ቦጋለች ዞረው «ጻፊ» አሉ። «ግለ ሂስ ያደረገ፦ ወልደጻድቅ። ጥፋቱ፦ ሳያሰላ ፈረመ።»
አለቀስኩ። ምን ይደረግ።

ጥቅምት 20
ቃለ ጉባኤው ወደ ዩኒቨርሲቲው በአውቶቡስ ሄደ። ማኅተሙን የመቱት ጋሽ ወልደጻድቅ ራሳቸው ናቸው።

ኅዳር 24
መልስ። «ስሌቱ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የዘንድሮው ምዝገባ ግን አልፏል። ለከርሞ ያመልክቱ።» ይቅርታ የሚል ቃል ፈለግሁ፤ የለም። ተናደድኩ፣ ቀደድኩት፣ መልሼ በሙጫ አጣበቅሁት። ማስረጃ ነው።
ጋሽ ወልደጻድቅ መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው።
«ለከርሞ ምን ትልኪያለሽ?»
ያችኑ ወረቀት። አንድ አሃዝ ሳልነካ።